የተከለከለ ዐፈር፦ ከባንሂል ፊልድስ መቃብር እስከ ሚዛን ተፈሪ የቡና ማሳ

ሥነ ጽሑፍን የሚያጠና ሰው ስለ መቃብር ቦታ ለምን ይጽፋል የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። እኔ ራሴ የአማርኛ ልብ ወለድን አጀማመር ባስተማርሁባቸው ዓመታት መቃብር ትዝ ብሎኝ አያውቅም። በየዓመቱ መጀመሪያ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የምጽፈው አንድ ዐይነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1892 ገብረ ጊዮርጊስ ተርፌ የእንግሊዛዊውን የጆን ቡንያንን የመንገደኛ ታሪክ ወደ አማርኛ መለሰ፤ መጽሐፉም በስዊስ አገር በባዝል ከተማ አጠገብ በምትገኘው በክሪሾና ታተመ፤ በ1900 ዓ.ም. አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ‹ልብ ወለድ ታሪክ›ን በሮም አሳተሙ፤ በ1915 ዓ.ም. ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ‹ወዳጄ ልቤ›ን አወጡ። ተማሪዎች ይገለብጣሉ፤ ዘመኑን ለፈተና ይይዛሉ። ቡንያን የት ተቀበረ ብሎ የጠየቀኝ ተማሪ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ጥያቄው የመጣልኝ ለንደን ውስጥ ሲቲ ሮድ ከሚባለው ጎዳና ዳር በሚገኝ አሮጌ መቃብር ቆሜ የቡንያንን ስም ከድንጋይ ላይ ባነበብሁ ጊዜ ነው። ስሙን እያነበብሁ አጎቴ ትዝ አለኝ። አጎቴ የተቀበረው ሚዛን ተፈሪ ከተማ ዳር፣ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ በስተ ግራ፣ የቡና እግር ሥር ነው፤ ድንጋይም ስምም የለበትም። ሁለቱን መቃብሮች ያገናኘኋቸው በትዝታ ቢሆንም ቆይቼ ሳስበው ነገሩ ከትዝታ ያለፈ የጽሑፍ ታሪክ ጉዳይ መሆኑን ተረዳሁ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ማሰብ ውጤት ነው።

አጎቴ የቡና ነጋዴ ነበር። ቡና በበቅሎ እየጫነ ወደ ጅማ ሲመላለስ ከወንጌል ሰባኪዎች ጋር ተገናኝቶ እምነቱን ለወጠ። በ1958 ዓ.ም. ክረምት ሲሞት ሬሳው ወዴት እንደሚሄድ ጠፋ። የአጥቢያው ደብር ሰዎች «በቁሙ የተወንን በሞቱ አንቀበለውም» አሉ። እኔ ልጅ ነበርሁ። የማስታውሰው ከሁሉ አስቀድሞ ዝናቡን ነው፤ የሚዛን ክረምት ለቀስተኛ አይራራም። ሽማግሌ ተልኮ ተመለሰ፤ እንደገና ተላከ፤ እንደገና ተመለሰ። በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ አባቴ «እንግዲህ ዐፈር የእግዜር ነው» ብሎ የአጎቴን የቡና ማሳ ጫፍ፣ ከዋንዛው ሥር፣ አስቆፈረ።

ጉድጓዱን የቆፈሩት የዕድሩ ሰዎች ናቸው። አብዛኞቹ የዚያው ደብር ምእመናን ነበሩ። ዕድር በዚያን ጊዜ የሚጠይቀው መዋጮ ነው፤ ሃይማኖት አይጠይቅም ነበር። ድንኳኑ ተተከለ፣ ጥሩምባው ተነፋ፣ ንፍሮው ተቀቀለ፤ የጎደለው ካህን ብቻ ነበር። ከደብሩ መሪጌቶች አንዱ የአጎቴ የልጅነት ጓደኛ ነበሩ። ወደ ቀብሩ አልገቡም፤ ከኮርቹ አጥር ውጭ ጥቁር ጃንጥላ ዘርግተው ቆሙ። አያቴ አይታቸው «የኔታ፣ ከዝናቡ ይግቡ እንጂ» ብትላቸው «ግድ የለም እማማ፣ እኔ እዚሁ ይበቃኛል» አሏት። ዐፈሩ እስኪመለስ ድረስ ከቆሙበት አልተነቃነቁም።

ሰባኪ ከሩቅ ሊደርስ ስላልቻለ ከአጎቴ መጽሐፍ ቅዱስ አንድ ምዕራፍ ያነበበው አባቴ ነው። አባቴ እስከ ዕለተ ሞቱ የደብሩ ልጅ ነበር። ለዚያች ንባብ የንስሐ አባቱ አርባ ስግደት እንዳዘዙት ሲያጫውተን ይስቅ ነበር፤ ስግደቱን ግን አላጎደለም።

ባንሂል ፊልድስ

አሁን ወደ ለንደኑ መቃብር ልመለስ። ባንሂል ፊልድስ ሰፊ ቦታ አይደለም፤ ስፋቱ 1.6 ሄክታር ያህል ነው። በዚህ ጠባብ መሬት ወደ 123,000 የሚደርስ ሬሳ እንደተቀበረ ይገመታል። ስሙ ‹የአጥንት ኮረብታ› ከሚለው የእንግሊዝኛ ስያሜ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1549 የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል የዐፅም ቤት ሲፈርስ ከአንድ ሺህ ጋሪ በላይ ዐፅም ተጭኖ በዚህ ረግረግ ሜዳ ላይ ተደፍቶ ነበር። በ1665 ለንደንን ታላቁ ወረርሽኝ ሲመታት የከተማው አስተዳደር ቦታውን ለሟቾች መቀበሪያ ብሎ አጠረው፤ ይሁን እንጂ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን መሬቱን ባርካው አታውቅም። ቦታው በኪራይ ወደ ግል ሰው እጅ ገባ፤ ክፍያውን የከፈለ ሁሉ የፈለገውን ሟች በፈለገው ጸሎት ሊቀብርበት ይችል ነበር። አለመባረኩ የተለየ ጥቅም የሰጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ዘመኑ ክፉ ነበር። ንጉሥ ቻርልስ ሁለተኛ ወደ ዙፋኑ ከተመለሰ በኋላ በ1662 በወጣው የአንድነት ሕግ የመንግሥቱን ቤተ ክርስቲያን የጸሎት መጽሐፍ ሙሉ በሙሉ አንቀበልም ያሉ 2,000 ያህል አገልጋዮች ከየደብራቸው ተባረሩ። በ1664 ከቤተ ሰብ ውጭ ከአምስት ሰው በላይ ሆኖ በሌላ ሥርዓት መጸለይ ተከለከለ፤ በተከታዩ ዓመት ደግሞ የተባረሩት ሰባኪዎች ቀድሞ ወዳገለገሉበት ከተማ አምስት ማይል እንዳይቀርቡ ታዘዘ። ቆርቆሮና መዳብ ጠጋኝ የነበረው ጆን ቡንያን ያለ ፈቃድ በመስበኩ ከ1660 ጀምሮ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል በቤድፎርድ ወህኒ ቤት ታሰረ። የመንገደኛውን ታሪክ አንደኛ ክፍል በ1678 አሳተመ። በ1688 በነሐሴ ወር ወደ ለንደን በፈረስ ሲመጣ ኃይለኛ ዝናብ ደበደበው፤ ትኩሳት ያዘውና በአንድ ባለ ግሮሰሪ ወዳጁ ቤት ሞተ። የተቀበረውም በዚሁ ወዳጁ የቤተ ሰብ መቃብር፣ ባንሂል ውስጥ ነው። የባለ ግሮሰሪው ወዳጅነት ባይኖር ኖሮ ዛሬ የምንጎበኘው የቡንያን መቃብር በሌላ ስፍራ ይሆን ነበር።

ከእርሱ በኋላ የመጡትን ሁሉ መዘርዘር አያስፈልግም። መዝሙር ደራሲው አይዛክ ዋትስ በ1748፣ የሜቶዲስቶች መሥራች እናት ሱዛና ዌስሊ በ1742፣ በሂሳብ ሊቃውንት ዘንድ ስሙ የሚጠራው ቶማስ ቤይስ በ1761 እዚያ ተቀብረዋል። ለእኛ ለቋንቋ ሰዎች የሚያስደንቁን ግን ሁለቱ ናቸው። አንደኛው ‹ሮቢንሰን ክሩሶ›ን የጻፈው ዳንኤል ዴፎ ነው። በ1731 ሲቀበር የመቃብሩ መዝገብ ጸሐፊ ስሙን በትክክል አልሰማውም፤ ‹ሚስተር ዱቦው› ብሎ መዘገበው። በእንግሊዝኛ ልብ ወለድ አባትነት የሚታማ ሰው በስሙ ሳይሆን በሌላ ሰው ስም ወደ መሬት ገባ ማለት ነው። አሁን የሚታየውን ረጅም ሐውልት በ1870 ያቆሙለት አንድ ጋዜጣ ባደረገው ጥሪ ሳንቲማቸውን ያዋጡ ልጃገረዶችና ወንዶች ልጆች ናቸው። ሁለተኛው ገጣሚውና ሠዓሊው ዊልያም ብሌክ ነው፤ በ1827 ከብዙ ሰው ጋር በጋራ ጉድጓድ ተቀበረ። ትክክለኛው ቦታ በአድናቂዎቹ ጥረት ተለይቶ ድንጋይ የቆመለት በ2018፣ በሞተ በ191ኛው ዓመት ነው።

መቃብሩ እ.ኤ.አ. በ1854 ተዘጋ፤ በ1869 የሕዝብ መናፈሻ ሆነ። እኔ በሄድሁበት ቀን የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ከድንጋዮቹ መካከል ባሉት አግዳሚዎች ተቀምጠው ምሳቸውን ይበሉ ነበር። መጀመሪያ አልወደድሁትም። በኋላ ግን የለቅሶ ንፍሮም የሚበላው ከመቃብር ሲመለሱ እንደሆነ አስታውሼ ዝም አልሁ።

ዐፈርና ቃል

በዚህ መቃብር ታሪክ ውስጥ በደንብ ሊጤን የሚገባው ነገር አለ። በእንግሊዝ ሕግ የሰበካው መቃብር ለሰበካው ነዋሪ ሁሉ ክፍት ነበር፤ ክርክሩ ይበልጡን የነበረው በዐፈሩ ላይ ሳይሆን በዐፈሩ ላይ በሚነገረው ቃል ነው። ሟቹን የሚሸኘው የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ካህን ብቻ፣ ከዚያችው ቤተ ክርስቲያን የጸሎት መጽሐፍ ብቻ ነበር፤ ላልተጠመቀ ሰው ደግሞ ያ ጸሎትም አይደረግለትም። ሕፃናትን አናጠምቅም የሚሉ ወገኖች ልጅ ሲሞትባቸው ምን ይደርስባቸው እንደነበር መገመት አያዳግትም። አፈንጋጮች በሰበካው መቃብር በራሳቸው አገልጋይና በራሳቸው ቃል እንዲቀብሩ የተፈቀደው በ1880 በወጣው ሕግ ነው፤ ማለትም ቡንያን ከሞተ 192 ዓመት፣ ባንሂል ከተዘጋ 26 ዓመት በኋላ። ያን ያህል ዘመን የተጠየቀው በመቃብር አፋፍ ቆሞ የመናገር መብት ነበር።

እኛ ዘንድ ዐፈሩና ቃሉ አይነጣጠሉም። ፍትሐት የሌለበት ቀብር በዓጸደ ቤተ ክርስቲያን አይታሰብም፤ ፍትሐቱም ለአርባው፣ ለሰማንያው፣ ለተዝካሩ መነሻ ነው። ወንጌላውያን ደግሞ ፍትሐትንም ተዝካርንም አይቀበሉም። ስለዚህ ከልካዮቹን ‹ጨካኞች› ብሎ ማለፍ ነገሩን አለመረዳት ይመስለኛል። መሪጌታው ከአጥር ውጭ የቆሙት ጓደኛቸውን ጠልተው አይደለም። የሚያውቁትን ቃል ሊሉለት አይችሉም፤ የማያውቁትን ቃል ደግሞ ቀርበው ሊሰሙ አይፈቀድላቸውም። ያገኙት ስፍራ አጥሩ ነው።

በነገራችን ላይ ‹አፈንጋጭ› የሚለውን ቃል የተጠቀምሁት ደስ ብሎኝ አይደለም። ቃሉ ከመንጋ የወጣች ከብትን ያስታውሳል፤ በውስጡ ወቀሳ አለበት። ግን ሌላ ምን አለን? ‹መናፍቅ› ፍርድ ነው፤ ‹ጸረ ማርያም› ስድብ ነው፤ ‹ጴንጤ› በስድብነት ጀምሮ ቆይቶ የተለመደ ነው፤ ‹ወንጌላዊ› ራሳቸው ለራሳቸው ያወጡት የክብር ስም ነው። ከተለመደው ሥርዓት ጋር አልስማማም ያለን ሰው ሳያሞግስም ሳይነቅፍም የሚጠራ ቃል በአማርኛ አላገኘሁም። ይህ የመዝገበ ቃላት ጉድለት ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

አለመስማማቱ ግን ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ15ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ ለሥዕልና ለመስቀል አንሰግድም በማለታቸው የተሰደዱትን፣ የተገረፉትን፣ የተገደሉትን ደቂቀ እስጢፋኖስን የግእዝ ተማሪ ሁሉ ያውቃቸዋል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ገድላቸውን ወደ አማርኛ መልሰው በ1996 ዓ.ም. ካሳተሙት ወዲህ ግእዝ የማያውቀውም አንባቢ አውቋቸዋል። ደቂቀ እስጢፋኖስን ፕሮቴስታንት ማለት ስሕተት ነው፤ መነኮሳት ነበሩ፣ የማርቲን ሉተርም ዘመን ገና አልደረሰም ነበር። እዚህ ላይ ያነሣኋቸው በሌላ ምክንያት ነው። የደረሰባቸውን ሁሉ ከእነርሱ ብዕር ልናነብ የቻልነው በአጋሜ የራሳቸው ገዳም፣ ጉንዳ ጉንዴ፣ ስለ ነበራቸው ነው። የራሱ ስፍራ ያለው ስደተኛ የራሱ መጽሐፍ ይኖረዋል። ባንሂልም እንዲሁ ነው፤ ከ1713 እስከ 1854 ድረስ የተቀበሩት ሰዎች መዝገብ ዛሬም አለ፤ ‹ሚስተር ዱቦው›ን ያገኘነውም ከዚያ መዝገብ ነው። ስሕተቱን ለማረም እንኳ መዝገብ ያስፈልጋል።

የመጽሐፉ መንገድ

ቡንያን ወደ አማርኛ የመጣበት መንገድ ራሱ የስደተኞች መንገድ ነው። በዚያ ዘመን ከኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ጋር ያልተስማሙ ኢትዮጵያውያን ምሁራን መሰባሰቢያ በምጽዋ አጠገብ የምትገኘው ምንኩሉ ነበረች፤ የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤትና ማተሚያ እዚያ ነበር። አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም ‹መጽሐፈ ሰዋስው›ን በ1889 ዓ.ም. ያሳተሙት በምንኩሉ ነው። አለቃ በበርሊን አማርኛ አስተምረው ከተመለሱ በኋላ በሃይማኖት ክስ ታስረዋል፤ ‹የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ› የሚለው መጽሐፋቸው በ1914 ዓ.ም. በአስመራ ታትሞ እስከ ዛሬ ሲጠቀስ ይኖራል። ኦኔሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ገኖ ጋር ሆኖ የደከመበት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመው የገብረ ጊዮርጊስ ተርፌ ትርጉም በታተመባት በክሪሾና ነው። ኦኔሲሞስም ወለጋ ገብቶ ማስተማር ሲጀምር በካህናት ተከሶ አዲስ አበባ ድረስ ቀርቧል። እንግዲህ የአማርኛ ሰዋስው፣ የታሪክ መጽሐፍ፣ የትርጉም ልብ ወለድና የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ከአንድ ጠባብ ክብ ውስጥ ካሉ፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ ከተከሰሱ ሰዎች እጅ ወጥተዋል። እኛ ግን ይህን ሁሉ ‹የሚሲዮን ጽሑፍ› በሚል አንድ ርእስ ጠቅልለን በግማሽ ክፍለ ጊዜ ስናልፈው ኖረናል። ከአላፊዎቹ አንዱ እኔ ነኝ።

የቡንያን መጽሐፍ አማርኛ ውስጥ ብዙ ሳይቸገር ገባ። ዋናው ሰው ስሙ ክርስቲያን ነው፤ ሸክም ተሸክሞ ከጥፋት ከተማ ይወጣል፤ በመንገዱ የሚያገኛቸው ሰዎች ስማቸው ጠባያቸው ነው። ሰምና ወርቅ ለለመደ፣ አንድምታ ለሰማ አንባቢ ይህ ዐይነቱ አነጋገር ባዕድ አይሆንበትም፤ እንግሊዛዊው ቆርቆሮ ጠጋኝ የጎጃም ቅኔ ቤት ደጅ ቢደርስ ማደሪያ የሚያጣ አይመስለኝም። ‹ወዳጄ ልቤ› በቡንያን መጽሐፍ ጥላ ሥር የተጻፈ መሆኑን ሐያስያን ደጋግመው ተናግረዋል። ኅሩይ የእንጦጦ ራጉኤል ደብር ሊቅ፣ ጽኑ ኦርቶዶክሳዊ ነበሩ። ይህ ግን ከአፈንጋጩ መጽሐፍ ስልት ከመውሰድ አላገዳቸውም። በኢጣልያ ወረራ ጊዜ ተሰደው በ1931 ዓ.ም. መጀመሪያ ያረፉትም እዚያው በቡንያን አገር፣ በባዝ ከተማ ነው። በሕይወት ያለ ሰው ያልተሻገረውን አጥር መጽሐፍ አስቀድሞ ተሻግሮት ነበር ለማለት ይቻላል።

ቡናው ውስጥ

የደቡብ ምዕራቡ የቡና አገር የመቃብር ታሪክ ከዚህ ሁሉ ጋር ሲነጻጸር አጭርና ጽሑፍ አልባ ነው። ከፋና አካባቢው በ1889 ዓ.ም. በምኒልክ ጦር ከተያዘ በኋላ ከሰፋሪው ጋር ደብር መጣ፤ ከደብሩ ጋር ዓጸዱ። በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮኖች ድንጋጌ አገሩን ‹የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ክልል› እና ‹ክፍት ክልል› ብሎ ከፍሎ የውጭ ሚሲዮኖች እንዲሰብኩ የፈቀደው በክፍቱ ነው። ድንጋጌው የሚናገረው ስለ ስብከትና ስለ ትምህርት ቤት ነው፤ ሬሳ ግን ክልል አይመርጥም። እንደ እኛ ባለ ከሰሜን በመጣ ሰፋሪ ቤተ ሰብ ውስጥ አንድ ሰው እምነቱን ሲለውጥ በሕይወቱ ቡናውን ይሸጣል፣ ዕድሩን ይከፍላል፣ ሠርግ ይጠራል፤ ጥያቄው የሚመጣው በሞተ ዕለት ነው።

ልብ ልንለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ከነባሩ ሕዝብ ወገን ለሆኑት ለቤንች ጎረቤቶቻችን ሰውን በማሳው ዳር መቅበር እንግዳ አልነበረም። ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ ለለቅሶ መጥተው አያቴን «ከቤቱ አልራቀም፤ ምን ያስለቅሳል?» ማለታቸው ለዓመታት በቤታችን ሲነገር ኖሯል። አያቴ ይህን እንደ መጽናኛ አልወሰደችውም። ልጇ ‹እንደ አገሬው› መቀበሩ ለእርሷ ሁለተኛ ሞት ነበር። የተከለከልነውን ዐፈር ዋጋ የሰጠነው እኛው ነን፤ አጠገባችን ያለው ሰው ያን ዋጋ አያውቀውም ነበር።

ከአጎቴ በኋላ ሌሎችም እዚያው ተቀበሩ፤ ከዋንዛው ሥር የጉብታ ረድፍ ሆነ። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን ማሳው ለሌሎች ተደለደለ። አዲሶቹ ባለይዞታዎች ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ለጥቂት ዓመታት ጉብታዎቹን እየዞሩ ያርሙ ነበር። ከዚያ ዋንዛው ለሣንቃ ተቆረጠ። ከዚያ አንድ ዓመት ችግኝ ተረፈና ተተከለ። ቡና ሲያረጅ ይጎነደላል፤ ከጉንደላው በኋላ የሚወጣው ቀንበጥ በሦስትና በአራት ዓመት ውስጥ መሬቱን ይሸፍነዋል። በ1983 ዓ.ም. ከመጣው ለውጥ ወዲህ ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት በየከተማው የመቃብር ቦታ እየጠየቁ ብዙዎቹ አግኝተዋል፤ አዲስ የሚሞተው ቦታ አለው። የቀደሙት ግን ቡናው ውስጥ ቀሩ።

ከለንደን በተመለስሁ በዓመቱ ሚዛን ሄድሁ። ከተማዋ ከአማን ጋር ተያይዛ ሚዛን አማን ተብላለች፤ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በእርሷና በቴፒ ስም የሚጠራ ዩኒቨርሲቲ አላት። የአጎቴን ማሳ ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ዋንዛው ስለሌለ የምለየው ምልክት አልነበረኝም፤ ያገኘሁት የኮርቹ አጥር ከሚታጠፍበት ላይ ተነሥቼ ርምጃ በመቁጠር ነው።

የዕድሩን መዝገብ የማግኘቱ ሐሳብ የመጣልኝ ማታ ነው። ‹ዱቦው›ን አስታውሼ መሆን አለበት። መዝገቡ ሽፋኑ የተቦጨቀ፣ ምስጥ ጫፉን የበላው ትልቅ የሂሳብ ደብተር ሆኖ ከአንድ የቀድሞ የዕድር ጸሐፊ ቤት፣ ከአልጋ ሥር ወጣ። በየገጹ ዐምዶች ተሠምረዋል፤ የሟቹ ስም፣ ቀኑ፣ የድንኳን፣ የንፍሮ፣ የቆፋሪ፤ የመጨረሻው ዐምድ ‹የተቀበረበት ደብር› ይላል። ገጹን እየገለጥሁ የክረምት 1958ን ስደርስ የአጎቴን ስም አገኘሁ። በመጨረሻው ዐምድ ጸሐፊው መጀመሪያ አንድ ፊደል ጀምሮ ሰርዞታል፤ ከዚያ ‹ቡናው ውስጥ› ብሎ ጽፏል። ከዚያ በታች፣ በልዩ ልዩ ዓመታት፣ በዚሁ ዐምድ ስድስት ቦታ ‹እዚያው› የሚል ቃል አለ። ስለዚያ መቃብር ያየሁት ጽሑፍ ሁሉ ይኸው ስምንት ቃል ነው፤ ሁለትና ስድስት። የቋንቋ ሰው ሆኜ ብዙ ሰነድ አንብቤአለሁ፤ ‹እዚያው› የሚለው ቃል ይህን ያህል ሲሸከም ግን አላየሁም። ለተማሪዎቻችን የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ስንፈልግ በየከተማው በየአልጋ ሥር ያሉትን እነዚህን መዝገቦች ማሰብ ይገባን ነበር።

ሰባቱን ስም በማስታወሻዬ ገለበጥሁ። አንደኛዋ ሕፃን ናት፤ በአባቷ ስም ‹የእገሌ ልጅ› ተብላ ገብታለች። በማግሥቱ ከተቀበሩት የአንዱ መበለት የሆኑ አንዲት አሮጊት በሕይወት እንዳሉ ሰምቼ ሄድሁ። የቤንች ሰው ናቸው፤ አማርኛቸው ጥሩ ነው። የተሰጣ ቡና እየገለበጡ ስለ ነበር አልተነሡም፤ እኔ አጠገባቸው ቁጢጥ አልሁ። «አንብበው» አሉኝ። አነበብሁ። አራቱን ስም ራሳቸውን እየነቀነቁ አሳለፉ። አምስተኛው ላይ እጃቸውን አነሡ።

«እሱ እንዲህ አይባልም» አሉ። «ባሌ ነው። ጸሐፊው ነው እንዲህ ያለው።»

ጸሐፊው የቤንችኛውን ስም ለአማርኛ እንዲመች አድርጎ ጽፎታል። እርሳቸው ትክክለኛውን ነገሩኝ፤ እኔም ጻፍሁና መልሼ አነበብሁላቸው። አይደለም አሉ። ቤንችኛ በድምፅ ከፍታና ዝቅታ ቃል የሚለይ ቋንቋ ነው፤ ፊደላችን ያን አይዝም፤ አንዱ ተነባቢም እኛ ዘንድ የለም። በሚቀርበው ፊደል ጻፍሁት፤ ከላዩ የከፍታውን ምልክት አደረግሁ፤ እንደገና አነበብሁ። ሦስተኛ ጊዜ ስሞክር ከንፈሬን እያዩ አብረውኝ አሉት።

«አሁን ደኅና» አሉ። «የቀሩትን አንብብ» ብለው ወደ ቡናቸው ዞሩ።